የበግ ጣፊያ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከመተማ ተመለሰ። የሄደው ለሰሊጥ ሥራ ነበር፤ በየዓመቱ ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚወርዱት ብዙ ወጣቶች። ሲመለስ ግን ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳቱ ለሳምንታት አለቅም ብሎት ነበር። በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በእጅ ሲነካ የሚታወቅ ጠጣር ነገር አበጠበት። ሐኪም ቤት ስንወስደው በሽታው ካላ አዛር እንደሆነ፣ ያ ያበጠው ደግሞ ጣፊያው እንደሆነ ተነገረን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክሞ ድኗል።

ያን ቀን ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የፈለግኩት ነገር ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ልንገራችሁ። ጣፊያ ምን ይሠራል? ልብ ደም ይረጫል፣ ሳንባ አየር ያስገባል፣ ኩላሊት ያጣራል። ጣፊያስ? ለእኔ ጣፊያ ማለት የበዓል በግ ሲታረድ ከጉበቱ አጠገብ የሚቀመጥ ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ነበር። በቃ።

ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስሄድ ከ300 ዓመት በፊት የሞተ አንድ ጣሊያናዊ ጋ ደረስኩ። ማርቼሎ ማልፒጊ ይባላል። የሕክምና ተማሪ የሆነ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ቆዳ ውስጥ፣ ኩላሊት ውስጥ፣ ጣፊያ ውስጥ በስሙ የሚጠሩ ነገሮች አሉ። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልባቸው ክፍሎች ውስጣቸው እንዴት እንደተደራጀ ማይክሮስኮፕ ይዘው ማየት ከጀመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው አንድ ጥያቄ እስከ እርጅናው ድረስ ሲከተለው ኖሯል። ይሄ ሁሉ ማየት ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል? የሚል። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የቆምኩት ከጠያቂዎቹ ጎን ነበር።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማልፒጊ የተወለደው በ1628 ክሬቫልኮሬ በምትባል፣ ከቦሎኛ ከተማ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ የእርሻ መሬት ነበረው። በ1646 ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አባቱም እናቱም ሞቱ። የታናናሾቹ ነገር በእሱ ጫንቃ ላይ ወደቀና ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤት ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀው ነበር። የማልፒጊ ቤተሰብ ስባራሊያ ከሚባል ጎረቤት ቤተሰብ ጋር በመሬት ወሰን ይጣላ ነበር። የወሰን ጠብ ምን እንደሆነ ለእኛ ሀገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አባት ያልጨረሰውን ልጅ ይወርሰዋል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ነገሮችን አስተካክሎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰና በ1653 በሕክምናና በፍልስፍና ተመረቀ። ማሳሪ የሚባል አንድ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ጥቂት ተማሪዎችን ቤቱ ሰብስቦ ሬሳና እንስሳ እየከፈተ ያሳያቸው ነበር። ማልፒጊ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ በኋላም የመምህሩን እህት ፍራንቼስካን አገባ።

በዚያ ዘመን የሕክምና ትምህርት ማለት በአብዛኛው የጥንቱን የጋሌንን መጽሐፍ ማንበብና መተንተን ነበር። ሬሳ ከፍቶ ማየት ቢኖርም፣ የታየው ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ብዙ ሰው መጽሐፉን ይዞ ሬሳውን ይጠራጠር ነበር። ስለ ጣፊያ መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነበር። ጥቁር ሐሞት የሚባለውን፣ ሰውን ያስተክዛል የሚባለውን ፈሳሽ የሚስብ ዕቃ ነው። ውስጡን ዘርዝሮ ለማየት የሚያነሳሳ ምክንያት አልነበረም።

በ1656 ማልፒጊ በፒሳ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ተጠራ። እዚያ ቦሬሊ ከሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋር ተዋወቀ። ቦሬሊ የእንስሳትን ሰውነት እንደ ማሽን አድርጎ ማሰብ የሚወድ ሰው ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደተሠራ ካወቅን እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን ባይ ነው። ይህ ሐሳብ ወጣቱን ሐኪም ያዘው። ጤናው አልስማማ ብሎት በ1659 ወደ ቦሎኛ ሲመለስ ቦሬሊን በደብዳቤ አልለቀቀውም።

ከዚያ እንቁራሪቶቹ መጡ።

ማልፒጊ በተወለደበት ዓመት፣ በ1628፣ ዊሊያም ሃርቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደም ከልብ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚመጣ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አንድ ክፍተት ግን ቀርቶታል። ደሙ ከሚያወጣው የደም ሥር ወደሚመልሰው በየት በኩል ይሻገራል? ሃርቪ በ1657 ሲሞት መልሱን አላየም፤ በባዶ ዓይን የሚታይ አልነበረምና።

ማልፒጊ በውሾችና በበጎች ሳንባ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የእንቁራሪት ሳንባ ግን ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች እንደ መረብ ተዘርግተው ሁለቱን ወገን ሲያገናኙ አየ። በ1661 ይህንን ለቦሬሊ በጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች አሳተመው። ዕድሜው 33 ነበር። ዛሬ ካፒላሪ የምንላቸው እነዚያ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማልፒጊ የተሻለ ማሽን ስላገኘ ብቻ አይደለም ያየው። የትኛው እንስሳ፣ የትኛው ሥጋ፣ በምን ብርሃን ብሎ እየቀያየረ ስለሞከረ ነው። ሥጋውን ይቀቅለዋል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ያደርቀዋል፣ በደም ሥሩ ቀለም ይረጭበታል፤ ከዚያ ያያል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ማዕዘኑንና ብርሃኑን እንደሚቀያይረው ማለት ነው። ካሜራ ደግሞ የለም። ያየውን በእጅ መሳልና በቃላት መግለጽ ነበረበት።

በ1662 ከሀገሩ ርቆ ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ሜሲና ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደና አራት ዓመት አስተማረ። ምላስ ላይ ጣዕም የምንለይባቸውን ትናንሽ እብጠቶች የመረመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1666 ደግሞ የውስጥ አካላት አሠራር ላይ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ጉበት፣ አንጎል፣ ኩላሊት፤ በመጨረሻም ማንም ብዙ የማይጨነቅለት ጣፊያ።

ጣፊያውን ሲከፍት ቀዩ ሥጋ ውስጥ ነጫጭ ትናንሽ ኳሶች ተበትነው አገኘ። እንዲሁ የተዘሩ አልነበሩም፤ ከደም ሥሮች ቅርንጫፎች ጋር ተያይዘው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰቡ ነበሩ። በከብትና በበግ ላይ በደንብ ይታያሉ። በሰው ላይ ግን ለማየት ያስቸግራሉ። ከመጠን በላይ አብጠው ያገኘው በበሽታ የሞተች አንዲት ልጃገረድ ጣፊያ ላይ ነበር።

ታዲያ ምንድን ናቸው አለ? እዚህ ጋ ተሳሳተ። ማልፒጊ ሰውነት በሙሉ ፈሳሽ በሚያጣሩ ትናንሽ እጢዎች የተሞላ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እነዚህንም ከዚያው መደባቸው። ሊፈረድበት አይችልም። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና ማንም አያውቅም፤ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት የሚባል ሐሳብ ራሱ አልተወለደም። ቦታቸውንና ቅርጻቸውን በትክክል መዝግቦ፣ ሥራቸውን ሳያውቅ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ጣሊያንን አልፎ ሄደ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በ1669 የሐር ትል ውስጣዊ አካል ላይ የሠራውን ጥናት አሳተመለት፣ አባልም አደረገው። ቀጥሎ ጫጩት እንቁላል ውስጥ እንዴት እንደምታድግ፣ ዕፅዋት በውስጣቸው ምን እንደሚመስሉ ጻፈ። ለዕፅዋቱ ብቻ ዓመታት ፈጀ።

በ1684 ቤቱ ተቃጠለ። ማይክሮስኮፖቹና የጻፋቸው ወረቀቶች አብረው ነደዱ። ስልካችሁ ተሰርቆ ያልተቀመጠ ፎቶ የጠፋባችሁ ሰዎች ትንሽ ትረዱታላችሁ፤ የእሱ ግን የዘመናት ሥራ ነው። ያኔ ዕድሜው 56 ደርሶ ነበር። ሥራውን አላቆመም።

በ1689፣ በ61 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ አንድ ሌላ ጥናት ታተመለት። ርዕሱ በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት ስላሉት ክብ እጢዎች ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ አብጠው ንፍፊት ወጣብኝ የምንልባቸው ማለት ነው። ዛሬ ሊምፍ ኖድ ይባላሉ፤ ከጣፊያ ጋር የአንድ ሥርዓት አካላት ናቸው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ይህን ሳያውቅ በ23 ዓመት ልዩነት ከአንድ ሥርዓት ሁለት ዋና ቦታዎችን ከፍቶ አይቷል።

በዚያው ዓመት ያቆየነው ስም ተመለሰ። ጆቫኒ ጂሮላሞ ስባራሊያ፣ የዚያ የወሰን ጠበኛ ቤተሰብ ልጅ፣ አሁን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። እሱም ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር አጭር ነው። በማይክሮስኮፕ ጥቃቅን ነገር መፈለግ በሽተኛ አያድንም። የሳንባን መረብ ወይም የጣፊያን ኳስ ማወቅ አንድም መድኃኒት አልጨመረም። ሐኪም ጊዜውን በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያሳልፍ።

ጠቡ የቤተሰብ ቂም አለበት፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ክርክሩን ብቻ ነጥለን ብናየው ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ማልፒጊ ራሱ ለበሽተኞቹ ያዝዝ የነበረው መድኃኒት ከሌሎቹ ብዙም የተለየ አልነበረም። በ1689 ላይ ቆሞ፣ ጣፊያ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች በማየት የዳነ አንድ ሰው አሳየኝ ቢባል፣ ማልፒጊ የሚያሳየው ሰው አልነበረውም።

እስቲ እኔም የተማርኩትን ልጠቀም። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን፣ ወደፊት የሚገኝ ጥቅም የዛሬ ዋጋው በወለድ እየተቀነሰ ይሰላል። ጣፊያ ለሰው ምን እንደሚያደርግ ሐኪሞች በግልጽ መረዳት የጀመሩት በ1952 ነው እንበል (ምክንያቱን ወደታች እነግራችኋለሁ)። ከ1666 እስከዚያ 286 ዓመት ነው። በዓመት 5 በመቶ ወለድ ብንይዝ፣ ከ286 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1 ሚሊዮን ብር ዛሬ ሲተመን 1 ብር አይሞላም። ፕሮጀክቱ ወድቋል። እኔ የገንዘብ ሰጪው ኮሚቴ ውስጥ ብኖር ኖሮ ስባራሊያን ደግፌ ነበር የምፈርመው።

ማልፒጊ መልስ ጻፈ፤ በሕይወት እያለ ግን አላሳተመውም። በ1691 የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት 12ኛ የግል ሐኪማቸው እንዲሆን ጠሩትና ወደ ሮም ሄደ። በኅዳር 1694 መጨረሻ፣ በፖፑ መኖሪያ ኪሪናል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በ66 ዓመቱ በስትሮክ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ሰውነት ሲከፍት የኖረው ሰው የራሱም አስከሬን ተከፍቶ ተመረመረ፤ ባሊቪ የተባለ ወጣት ሐኪም አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰውን ደም አይቶ መዘገበ። ለስባራሊያ የጻፈው መልስ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1697፣ ከቀሩት ጽሑፎቹ ጋር ለንደን ላይ ታተመ። መከራከሪያው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አካል ጤነኛ ሲሆን እንዴት እንደተሠራ ያላወቀ ሐኪም፣ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ አያውቅም።

የሚገርመው ታሪኩ እዚህ አለማለቁ ነው።

በ1832 ለንደን ውስጥ ቶማስ ሆጅኪን የተባለ ሐኪም እጢዎቻቸውና ጣፊያቸው አብጦ የሞቱ ሰዎችን መዝግቦ ጻፈ። ዛሬ የሆጅኪን በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ካንሰር ነው። ሆጅኪን ከእሱ በፊት ተመሳሳይ ነገር ያየ ሰው ሲጠቅስ ማልፒጊን ያነሳል። የዚያች ልጃገረድ ጣፊያ 166 ዓመት ቆይቶ ምስክር ሆነ።

በ1880ዎቹ ጀርመናዊው ቫልተር ፍሌሚንግ በተሻለ ማይክሮስኮፕና በቀለም ሲያይ፣ በእጢዎቹ ኳሶች መካከል ሴሎች በፍጥነት የሚራቡበት ማዕከል እንዳለ አገኘ። በ1952 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና ስለወጣላቸው አምስት ሕፃናት ሪፖርት አወጡ፤ ልጆቹ ከዚያ በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን ተጠቅተዋል። እስከዚያ ድረስ ጣፊያ ቢወጣም ብዙ የሚጎዳ አይመስላቸውም ነበር። ዛሬ ጣፊያው የወጣ ሰው ክትባት የሚሰጠው፣ ሲያተኩሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1950ዎቹ አልበርት ኩንስ የተባለ አሜሪካዊ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አጣብቆ፣ ሰውነት አንቲቦዲ የሚሠራው ጣፊያና እጢ ውስጥ የቱ ጋ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ አሳየ። በ2002 ደግሞ ተመራማሪዎች በሌዘር ማይክሮስኮፕ የአይጥ እጢ ሳይቆረጥ ውስጡን እያዩ፣ ነጭ የደም ሴሎች በሕይወት ሲንቀሳቀሱ ቀረጹ። ከእጅ ሥዕል ተነስተን ቪዲዮ ላይ ደረስን ማለት ነው።

አሁን የምናውቀው ካርታ ይህን ይመስላል። ነጩ ኳስ የነጭ የደም ሴሎች ሰፈር ነው። ትንሿ የደም ሥር በመሃል ታልፋለች። ቲ ሴል የሚባሉት ዙሪያዋን ይከባሉ፤ ቢ ሴል የሚባሉት፣ አንቲቦዲ ወደሚያመርቱ ሴሎች የሚለወጡት፣ ከጎናቸው ክብ ሠርተው ይሰፍራሉ። ከደም ጋር የመጣ ጠላት በዚያ ሲያልፍ ይያዛል፤ ሁለቱ ወገኖች ድንበር ላይ ተገናኝተው ይመካከራሉ። ተራርቀው ቢሰፍሩ ኖሮ ለመገናኘት ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። አቀማመጡ ራሱ ሥራ ይሠራል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ሸማ ተራና ብረት ተራ ለየብቻ መሆናቸው ለገዢው ስንት መንገድ እንደሚቆጥብ ያውቃል።

ካላ አዛርስ? በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚገባው ጥገኛ ተህዋስ ጣፊያ ውስጥ ተቀምጦ ይራባል። በእንስሳት ላይ በተሠሩ ጥናቶች እንደታየው፣ ጣፊያው እያበጠ ሲሄድ ይሄ የሰፈር አደረጃጀት ይፈርሳል። ወታደር አለ፤ ሰፈሩ ግን ተበታትኗል። የአክስቴ ልጅ ጎን ሥር ያበጠው ነገር ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰው ጤነኛው ሰፈር ምን እንደሚመስል ማየት ነበረበት። የማልፒጊ መልስ በትክክል ይኸው ነበር።

የወለድ ስሌቴ ስህተት የለበትም፤ ደግሜ አይቼዋለሁ። ችግሩ 1 ሚሊዮኗ ላይ ነው። በ1666 ያንን ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ሊጽፍ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ጥቅሙ ገና ስም አልወጣለትም። ስም የሌለው ነገር አይቀነስም፣ አይደመርም፤ ዜሮ ተብሎ ይታለፋል። ከዚህ ተነስቼ ምንም ነገር የሚመራመር ሰው ሁሉ ገንዘብ ይሰጠው አልልም፤ ሀገራችን ያለባትን አውቃለሁ። ግን ከአሁን በኋላ ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ስጠይቅ፣ መልስ አጣሁ ማለትና ጥቅም የለውም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስታውሳለሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ደህና ነው። ለበዓል ቤታቸው ሄጄ በግ ሲታረድ ጣፊያውን ለምኜ ወሰድኩ፤ አክስቴ ምን ነካው ብላ እየሳቀች። በስለታም ቢላዋ ቆርጠን፣ በውሃ ለቅለቅ አድርገን፣ በስልክ ካሜራ አስጠግተን አየነው። ነጫጭ ነጥቦቹ አሉ። እናንተም ብትሞክሩት ታዩዋቸዋላችሁ፤ ብቻ እጃችሁን ታጠቡ። ስንት ሺህ ዓመት ሰው በግ ሲያርድ ዓይኑ ሥር ነበሩ።

ልጁ ስልኩን ተቀብሎ አሳድጎ ሲያይ ቆየና ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ አለ። ሰሊጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔም ውስጥ እነዚህ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሁንም አሉ አልኩት።